ሳንሸኝ የወጣንበት በር

በእኛና በኤዶ ግቢ መካከል ባለው አጥር ላይ አንዲት ትንሽ የቆርቆሮ በር ነበረች። ጎንበስ ብለው ካላለፉ ግንባር ትገጫለች። እኔ ቁመቴን እየረሳሁ ስንት ጊዜ እንደመታችኝ! ቅንድቤ ላይ የቀረችውን ጠባሳ ተማሪዎቼ አይተው ምን እንደሚሉ አላውቅም፤ እኔ ግን መስታወት ፊት በቆምኩ ቁጥር ያቺ በር ትታየኛለች።

ኤዶ የምላት ጎረቤታችንን ነው። ጅግጅጋ ውስጥ በዕድሜ ከፍ ያለችን ሴት በሶማልኛ እንዲያ ይሏታል፤ አክስቴ እንደማለት ነው። ገበያ ውስጥ የጨርቅ ሱቅ ነበራት። እናቴ ደግሞ ወታደር አግብታ ከደጋ የመጣች፣ ባሏንም እዚሁ የቀበረች ሴት ናት። ሁለቱ ተስማምተው አጥሩን አስፈርሰው በሯን ያስገጠሙት እኔ ሳልወለድ ነው። በመንገድ ዞረን ስንመጣ ወጡ ይቀዘቅዛል ብለው ነው አሉ። በዚያች በር ያላለፈ ነገር የለም። ሽሮ አልፏል፣ የግመል ወተት አልፏል፣ መርፌና ክር አልፏል፣ ሕፃንም አልፏል። ሕፃኗ እኔ ነኝ። እናቴ ታማ በተኛችበት ዓመት የኤዶን ጡት ከልጇ ጋር ተሻምቼ ጠብቻለሁ።

በሯ በሁለቱም ወገን መቀርቀሪያ ነበራት። ሲመሽ እናቴ ከዚህ፣ ኤዶ ከወዲያ ይቀረቅራሉ። ሲነጋ ደግሞ ቀጭ ይላል ከእኛ በኩል፤ ትንሽ ቆይቶ ቀጭ ይላል ከእነሱ በኩል። በልጅነቴ ፀሐይ የምትወጣው ሁለተኛው ቀጭ ሲል ይመስለኝ ነበር። አሁንም ቢሆን በግማሽ እንቅልፍ ውስጥ ሆኜ እሱን የምጠብቅበት ጠዋት አለ።

ይህን ሁሉ የምለው እናቴ በዚያች በር ከወጣች በኋላ ለዓመታት መውጣት ስላቃታት ነው። እንዴት እንደሆነ ልናገር።

በ2010 መገባደጃ ከተማው ታውኮ ከደጋ የመጣ ሰው ቤት የሚዘረፍበት ጊዜ ነው። ከወዲያ ሰፈር ጭስ ሲነሳ እኔና እናቴ ግቢያችን ውስጥ ቆመን ወዴት እንደምንሄድ ጠፍቶን ነበር። ሁለተኛው መቀርቀሪያ ቀጭ አለ። ኤዶ አንገቷን ብቅ አደረገችና፣ "ምን ትጠብቃላችሁ? ግቡ!" አለች። ጎንበስ ብለን ገባን።

ያስቀመጠችን ጓዳ ውስጥ ነው፤ ለሱቋ የሚሆን ጣቃ የምታስቀምጥበት ክፍል። መስኮቱ ላይ አረንጓዴ መጋረጃ ነበረው። ፀሐይ በእሱ አልፋ ስትገባ ግድግዳው፣ የእናቴ ፊት፣ እጄ፣ ሁሉም አረንጓዴ ይሆናል፤ የኩሬ ውስጥ ኑሮ። ስንት ቀን እንደቆየን አላውቅም። መተኛቴንና መንቃቴን አልለየውም ነበር። ስነቃ እናቴ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ትጸልያለች፤ ተመልሼ ሳሸልብ ከግድግዳው ወዲያ ኤዶ ትሰግዳለች። ሁለቱ ጸሎቶች እንቅልፌ ውስጥ ይገናኙና አንድ ድምፅ ይሆናሉ። ፍርሃቱ የት ሄዶ እንደነበር እንጃ። ፍርሃቱ የመጣብኝ ከወራት በኋላ፣ ክፍል ውስጥ ቾክ ይዤ ቆሜ ሳለ ነው።

ኤዶ ቀኑን ሙሉ የውጭው በር ላይ በፕላስቲክ ወንበር ትቀመጥ ነበር። የሙስበሃዋን ዶቃ ትቆጥራለች። የሚመጣ ካለ፣ "እዚህ ያለነው አላህና እኔ ነን" ትለዋለች። ስትገባ ግን ትቀልዳለች። "ወላሎ፣" ትላታለች እናቴን፣ እህቴ ማለቷ ነው፣ "ብዙ አትብይ፤ ከወፈርሽ በትንሿ በር አታልፊም።" እናቴም በሹክሹክታ ትስቃለች። ውይ፣ ያ ሳቅ!

አንድ ቀን ረፋዱ ላይ ኤዶ ወተት ልትፈልግ ወጣች። ሱቁ ሁሉ ተዘግቶ ወተት ማግኘት ቀላል አልነበረም። እሷ በወጣች በጥቂት ጊዜ ውስጥ ወታደሮች መጡ። በእኛ ግቢ ገብተው፣ "የተደበቃችሁ ካላችሁ ውጡ፣ መኪና ይዘናል" እያሉ ተጣሩ።

"የቤቱ ባለቤት የለችም" አለች እናቴ። "ሳልሰናበታት እንዴት ብዬ እወጣለሁ?"

"እማማ፣ መኪናው አይጠብቅም" አለ ወታደሩ። ክፉ ልጅ አልነበረም፤ ተጨንቆ ነው።

እናቴ ዙሪያዋን አየች። የተኛችበትን ብርድ ልብስ አነሳች፣ አራገፈች፣ በጥንቃቄ አጠፈችው፣ ምንጣፉ ላይ አስቀምጣ በመዳፏ ዳበሰችው። የሰው ቤት መኝታ አዝረክርኮ መውጣት ለእሷ ነውር ነው። ከዚያ በትንሿ በር ወጣን። መኪናው ላይ ሆና መንገዱ እስኪታጠፍ ወደኋላ ታይ ነበር። ኤዶ አልመጣችም።

ከወራት በኋላ ስንመለስ ቤታችን ባዶውን ነበር፤ አምፖሉ ሳይቀር ተወስዷል። የሎሚው ዛፍ ግን አፍርቶ ጠበቀን። እናቴ ቤቱን እንኳ ሳታይ ቀጥታ ወደ ትንሿ በር ሄደች። ገፋቻት። በወዲያ በኩል ተቀርቅራለች። ኤዶ ሱቋን አከራይታ ደገሀቡር፣ ልጇ ዘንድ ሄዳለች አሉን። እናቴ ስልኳን አፈላልጋ ደወለች። ኤዶ አነሳች። "ደህና ናችሁ? አልሐምዱሊላህ" አለች፤ ዘጋችው። ሁለተኛ ሲደወልላት አላነሳችም።

እኔ ደሜ ፈላ። ምን አደረግናት? ከእኛ ጋር መታየት አሳፈራት? ስታስጠጋን ያልፈራች፣ አሁን ስልክ ፈራች? ከዚያ በኋላ ስሟ ሲነሳ ክፍሉን ጥዬ መውጣት ጀመርኩ። "ዓይኗን ለአፈር!" እላለሁ። እናቴ፣ "ተይ አንቺ ልጅ፣ አፍሽን ያዢ" ትለኛለች። እሷ አልተቆጣችም። እሷ የሆነችው ሌላ ነገር ነው።

ሕልም ታይ ጀመር። ሁልጊዜ ያው ሕልም ነው። አረንጓዴው ክፍል ውስጥ ናት፤ ብርድ ልብሱን አጥፋ ጨርሳለች፤ ግቢውን አቋርጣ ወደ ትንሿ በር ትሄዳለች። ትሄዳለች፣ ትሄዳለች፣ በሯ እዚያው ናት። ጎንበስ ትላለች፤ ግን አታልፍም። "እንደወጣሁ አለሁ" ትለኛለች ጠዋት። "ወጥቼ አላበቃሁም።" ሕልሙ ሐኪምም ጠበልም አያስፈልገውም ትል ነበር፤ ኤዶን ማየትና በወጉ መለያየት ብቻ ነው የሚያስፈልገው። በየጠዋቱ የእኛን መቀርቀሪያ ትከፍታለች፤ ቀጭ። ትንሽ ቆማ ትጠብቃለች። ሲመሽ ትዘጋለች። የሚበላኝ ያ መጠበቋ ነበር። ነፋስ በሯን ነካ ሲያደርጋት እንኳ ፊቷ ቦግ ይላል፤ የጅግጅጋ ነፋስ ደግሞ ሥራ ፈት ነው፣ ቀኑን ሙሉ በር ሲነካ ይውላል።

እንዲህ ሆነን ዓመታት ሄዱ። እናቴ ጉልበቷ ደከመ። ሐዋሳ ያለው ወንድሜ፣ እኔ ዘንድ ትሁን፣ ሐኪም ቤቱም ቅርብ ነው አለ። ተስማማን። በዚያው ሰሞን የኤዶ ቤት ተሸጠ። የገዛው ወጣት ነጋዴ ነው፤ ጨዋ ልጅ። መጥቶ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ "እማማ፣ ካልከፋዎት ያቺን ትንሽ በር በብሎኬት ልድፈናት" አላት። የእሱ ሚስትና ልጆች ሊገቡ ነው፤ አጥር ይፈልጋል፤ መብቱ ነው።

እናቴ፣ "ትንሽ ቆይ ልጄ" አለችው። ወንድሜም መኪና ይዞ መጣ። እሱንም፣ "ትንሽ ቆይ" አለችው። ሻንጣዋ ተዘጋጅቶ ቆመ። ግንበኛው ብሎኬቱን ከምሮ ቆመ። ሰው ሁሉ ቆመ።

"እስከ መቼ ነው?" አልኳት። መጮኼ ነው። አስተማሪ ነኝ፣ ድምፄ እንደሆነ ልማዱ ነው። "አትመጣም እኮ! ረስታሻለች!"

እናቴ እግሯን እያሻሸች፣ "በሯ ከተደፈነች እኔ እዚያ ውስጥ ቀረሁ" አለች። እንዲሁ፣ ወጥ ጨው በዛበት በምትልበት ድምፅ። በማግስቱ ማለዳ ደገሀቡር የሚሄድ ሚኒባስ ላይ ወጣሁ።

እውነቱን ለመናገር የሄድኩት ኤዶን ላመጣት ሳይሆን ልጣላት ነው። መንገዱን ሙሉ የምላትን እየደረደርኩ ነበር። ግን ያ መንገድ ሰው ያደነዝዛል። ቀይ አፈር፣ ሰው የሚያክል ኩይሳ፣ አስፋልቱን አቋርጦ የሚያልፍ የግመል መንጋ፤ ሹፌሩ ሞተሩን አጥፍቶ ይጠብቃል፤ ግመሎቹ ማንንም ሳያዩ ያልፋሉ። አሸለብኩ። አረንጓዴ ክፍል ውስጥ ሆኜ አንድ ሰው ወተት ይዞ ሲመጣ የእግሩን ኮቴ እሰማለሁ፤ አይደርስም። ስነቃ ከደረደርኩት ውስጥ ግማሹ ጠፍቶኛል።

ኤዶ በልጇ ሱቅ ደጃፍ በፕላስቲክ ወንበር ተቀምጣለች። አርጅታለች። አየችኝ። ከዚያ በወተት የተፈላ ሻይ አስመጥታ ፊቴ አስቀመጠች። "ጠጪ" አለችኝ።

"ልጠጣ አልመጣሁም!" አልኳት። "እናቴ በየጠዋቱ በርሽን ትከፍታለች፣ ታውቂያለሽ? በየጠዋቱ! ቆማ ትጠብቅሻለች!"

ኤዶ ሻይዋን አማሰለች። "የኔን በኩል ማን ይከፍታል?" አለች።

"ማንም።"

ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ ቀስ ብላ፣ "እናንተ ለምን ሄዳችሁ?" አለችኝ።

አልገባኝም። አፍጥጬ አየኋት።

"እኔ ወተት ይዤ መጣሁ" አለች። "ብዙ ዞሬ ነው ያገኘሁት። በሻሼ ደብቄ መጣሁ። እናንተ የላችሁም። ብርድ ልብስ ታጥፏል።" እጇን ጉልበቷ ላይ እንደዚያ ብርድ ልብስ ዳበሰችው። "እንግዳ ቤቴ ካለ ነፍሱ እኔ እጅ ነው። ሲወጣ መንገድ የማደርሰው እኔ ነኝ። ሳልሸኘው ከወጣ ምን ማለት ነው? ፈርቶኛል ማለት ነው። እናትሽ፣ ኤዶ ለወተት አልሄደችም፣ ሰው ልትጠራብን ነው የሄደችው ብላ አስባለች አልኩ። ብርድ ልብሱን አጥፋ ሄደች አልኩ። የሚመለስ ሰው ያጥፋል?"

"ኧረ ኤዶ!" አልኳት። "ወታደሮቹ መጥተው ነው! መኪናው አይጠብቅም ብለውን! እናቴ ሳልሰናበታት እንዴት እወጣለሁ ስትል ነበር! ያጠፈችው እኮ ለክብርሽ ነው! እኛ ጋ ሳያጥፉ መውጣት ነው ስድቡ!"

መንገዱ ላይ ፍየሎች አለፉ። ለካ ለእነዚህ ሁሉ ዓመታት የጎረቤቷ መሄድ ሳይሆን የማትታመን መስላ መታየት ነው ያቃጠላት። አንጀቴን በላችው። ያመጣሁት ጠብ ሁሉ እንደ ጨው ሟሟ።

"ወተቱን ምን አደረግሽው?" አልኳት። ለምን እንደጠየቅኳት አላውቅም።

"ትመጣለች ብዬ አቆየሁት። ኮመጠጠ።"

"ስልክ ስትደውልልሽስ ለምን እንዲህ አላልሻትም?"

"በስልክ ምን ይባላል? በስልክ ሰው ይሸኛል?"

"እሺ በቃ፣" አልኳት፣ "እሷም ሐዋሳ ልትሄድ ነው። ላትመለስ። በሯም ልትደፈን ነው።"

ኤዶ ከወንበሯ ተነሳች፤ ሻዩ ተደፋ። "ሁለተኛ?" አለች። "ሁለተኛ ሳልሸኛት?" ልጇን ጠርታ ሻሿን አስመጣችና ከእኔ ቀድማ ወደ መናኸሪያ ሄደች። እየሮጥኩ ደረስኩባት።

በማግስቱ ጠዋት እናቴ ግቢ ውስጥ ተቀምጣ ምስር ትለቅማለች። ሌሊቱን ዘመድ ቤት ያደረችው ኤዶ በእኛ በር መግባት አልፈለገችም። በአሮጌው ቤቷ በኩል ዞራ፣ ከወጣቱ ነጋዴ ፈቃድ ጠይቃ ገባች። እኔ ከእናቴ አጠገብ ቆሜያለሁ። የእኛ መቀርቀሪያ እንደወትሮው ተከፍቷል።

ቀጭ አለ። ከወዲያ በኩል።

እናቴ ምስሩን አልደፋችም፤ ትሪውን ቀስ ብላ መሬት ላይ አስቀመጠችው። "ነፋስ አይደለም" አለች ለራሷ። በሯ ተከፈተችና ኤዶ ብቅ አለች።

"አርጅተሻል" አለቻት እናቴ።

"አንቺ ደግሞ ወፍረሻል። አታልፊም" አለቻት ኤዶ።

ተቃቅፈው የሚላቀሱ መስሎኝ መሐረብ ይዤ ነበር። አልተላቀሱም። ኤዶ እጇን ያዘቻትና፣ "ነይ ግቢ፣ እንግዳዬ ነሽ" ብላ በትንሿ በር አሳለፈቻት። ጓዳው አሁንም የጨርቅ ማስቀመጫ ነው፤ ወጣቱ ነጋዴ ጣቃዎቹን ገፍቶ ቦታ ለቀቀ፣ ምንጣፍ አነጠፈ፣ ብርድ ልብስ ዘረጋ። መጋረጃው ግን ሌላ ነው፣ ቢጫ። እናቴ በዚያ ቢጫ ብርሃን ውስጥ የድሮ ቦታዋ ላይ ተቀመጠች። ኤዶ ወጥታ ሄደች።

ቆየች። እናቴ አልተንቀሳቀሰችም። እኔ ደጅ ደጁን አያለሁ፤ ደግሞ ማን ይመጣ ይሆን እያልኩ። የመጣችው ኤዶ ናት። በሻሿ የሸፈነችው የወተት ጣሳ ይዛለች።

"ዘገየሽ እኮ!" አለቻት እናቴ።

"ወተት ጠፍቶ" አለች ኤዶ።

ያኔ ሳቁ። ያ በሹክሹክታ የነበረው ሳቅ አሁን ድምፅ አወጣ። ሳቁና፣ ሳቁና፣ ከዚያ ለቅሶ ሆነ። መሐረቡን ለራሴ ተጠቀምኩበት። እናቴ ወተቱን ጠጥታ ጨረሰች። "አሁን ልሂድ?" አለች።

"ሂጂ። እሸኝሻለሁ።"

እናቴ ተነሳች፤ ተነስታም እጇ በልማዱ ወደ ብርድ ልብሱ ሄደ። ኤዶ እጇን ያዘቻት። "ተይው" አለቻት። "እንደተዘረጋ ይሁን።"

ሁለቱ ተያይዘው ግቢውን አቋረጡ። ጥቂት እርምጃ ነው፤ ግን እንዲህ ቀስ ያለ አካሄድ አይቼ አላውቅም። በሯ ጋ ሲደርሱ ኤዶ ቆመች። "ወላሎ፣ ክፉ አስቤብሻለሁ። አፉ በይኝ" አለቻት።

"ይቅር ለእግዜር። አንቺም ይቅር በይኝ፤ ሳልሰናበትሽ ወጣሁ።"

"አፉ ብያለሁ።"

እናቴ ጎንበስ አለች። አለፈች። ኤዶም ጎንበስ ብላ ተከተለቻት፤ በሯ ላይ አልቀረችም። የእኛን ግቢ አቋርጠው፣ ዋናውን በር አልፈው፣ መንገድ ወጡ። ወንድሜ መኪናውን አስነስቶ ጥሩንባ ነፋ።

"ዝም በል!" አለችው እናቴ። "እየተሸኘሁ ነው!"

ኤዶ እስከ መንገዱ መታጠፊያ በእግሯ አደረሰቻት። መኪናው ከኋላ ከኋላ ቀስ ብሎ ተከተለ። እዚያ በሩን ከፍታ አስገባቻት፣ ቀሚሷን ሰብስባ በሩን ዘጋችላት፣ በመስኮት "ነበድ ገልዮ" አለቻት፤ በሰላም ግቢ ማለት ነው። አቧራው ተቀምጦ እስኪያልቅ ቆማ አየች። እኔም ከጎኗ ቆምኩ። አዝኜ ነበር፤ እናቴ መሄዷ ነው እኮ። ቢሆንም የሚያንቅ ሐዘን አልነበረም።

ኤዶ እኔ ቤት ምሳ በላች። በሞቴ፣ አፈር ስሆን እያልኩ አጎረስኳት። ከዚያ መናኸሪያ ድረስ ሸኘኋት። መስኮት አጠገብ ቦታ ያዝኩላት፣ ውኃ ገዛሁላት፣ ሚኒባሱ እስኪወጣ ቆምኩ። ስትሄድ ቅንድቤ ላይ ያለችውን ጠባሳ በአውራ ጣቷ ነካችና፣ "ጎንበስ በይ እንጂ" አለችኝ።

ቤት ስገባ ግንበኛው ከወዲያ በኩል ሲሚንቶ ማቡካት ጀምሯል። ስልኬ ጮኸ። እናቴ ናት። ባቢሌ ደርሰው ለውዝ እየገዙ ነው፤ የነጋዴዎቹ ጫጫታ ይሰማል።

"ሸኘሻት?" አለችኝ።

"እስከ መኪናው። እስክትወጣ ቆሜያለሁ።"

"ጎሽ። እንግዲያው ቀርቅሪው።"

ስልኩን እንደያዝኩ ወደ ትንሿ በር ሄድኩና መቀርቀሪያውን ገፋሁት። ቀጭ አለ።

"ሰማሁት" አለች እናቴ።